ያላዩት አገር አይናፍቅም፤ ስለ ስሜን ተራራዎች

የአገር ሀብት በሁለት ወገን ተከፍሎ ሊታይ ይችላል። አንደኛው በጎተራና በግምጃ ቤት ተቆጥሮ የሚቀመጠው ነው፤ ሁለተኛው ፈጣሪ በምድር ላይ አኑሮት የሰው ድካም ሳይጨመርበት የተገኘው ነው። የፊተኛው በጎደለ ጊዜ ባለቤቱ በዚያው ቀን ያውቀዋል፤ መዝገብ ይገለጣል፣ ዘበኛ ይጠየቃል፣ ነገሩ ወደ ዳኛ ይቀርባል። የኋለኛው ሲጎድል ግን ሄዶ ያላየው ሰው መጉደሉን ስንኳ ሊያውቅ አይችልም። አባቶች ያላዩት አገር አይናፍቅም ሲሉ የተናገሩት ቃል ለዚህ ዐይነቱ ሀብት እጅግ የተስማማ ነው፤ የማይናፍቁትንም አገር ለመጠበቅ የሚነሣ ሰው አይገኝም።

ይህ ነገር በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ በሚገኘው በስሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ ተገልጦ ይታያል። ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባት በኩል የሚጓዝ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ደባርቅ ይደርሳል፤ ደባርቅም የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለባት የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲወጣ ቡይት ራስ፣ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ አምባራስና ጨነቅ የሚባሉት ስፍራዎች ይገኛሉ። ከጨነቅ በላይ የቧሂት ተራራ ከ4,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይዞ ቆሟል፤ ከርሱም ወዲያ፣ ከጥልቅ ሸለቆ ማዶ፣ ከኢትዮጵያ ተራራዎች ሁሉ የሚበልጠው ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል።

የመሬትን ተፈጥሮ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ይህ ደጋ የተሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ሆድ ፈልቆ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከዚያ ወዲህ ዝናቡና ወንዙ፣ ውርጩም ሲበላው ኖሮ በሰሜን በኩል እስከ 1,500 ሜትር ቁልቁል የሚወርድ ገደል አወጣበት። በዚያ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ በታች አሞራ ሲያንዣብብ፣ ከአሞራውም በታች የቆላው አምባዎች እንደ ምሰሶ ተደርድረው ያያል። የጅንባር ውሃ ከአፋፉ ላይ 500 ሜትር ያህል ወደ ጥልቁ ይወረወራል። ከዚህ ደጋ የሚወርደውም ውሃ ወደ ተከዜ ይገባል፤ ስለዚህ የስሜን ሣርና ዛፍ መጠበቅ በተራራው ላይ ለሚኖረው ብቻ ሳይሆን በታች ላለውም ሕዝብ የውሃ ነገር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

በዚህ ገደል ውስጥ በዓለም ሁሉ በሌላ ስፍራ የማይገኝ እንስሳ ይኖራል፤ እርሱም ዋልያ ነው። ወንዱ ወደ ኋላ የተቆለመመ ታላቅ ቀንድ አለው፤ ሰው እግሩን ሊያሳርፍበት በማይችልበት የድንጋይ ጠርዝ ላይ ያለ ፍርሃት ይሰማራል። ጭላዳ ዝንጀሮም በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ሌሎች ዝንጀሮዎች ፍሬ ፍለጋ ከዛፍ ዛፍ ሲዘሉ፣ እርሱ ግን እንደ በግ መንጋ በመስኩ ላይ ተቀምጦ ሣር እየነጨ ይውላል፤ ሲመሽም ከአውሬ ለመዳን ወደ ገደሉ ወርዶ ያድራል። ቀይ ቀበሮ ደግሞ በመላው ኢትዮጵያ ቍጥሩ 500 ያህል ብቻ የቀረ፣ አይጥ እያደነ የሚኖር አውሬ ነው፤ ሊቃውንት የሰጡት የላቲን ስምም የስሜንን ስም የያዘ ነው። ከዕፀዋትም ወገን ለብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተው ጅብራ፣ ደጋውን የሸፈነው አስታ፣ ቢጫ አበባ ያለው አምጃ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው ጓሳ በዚያ ይገኛሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ለዓለም የነገረው ማን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ መልሱ የሚያሳስብ ነው። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሊቅ በደጃዝማች ውቤ ዘመን ወደ ስሜን ወጥቶ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1835 ዋልያንና ጭላዳን፣ በ1840 ቀይ ቀበሮን በጽሑፍ ገልጦ በሳይንስ መዝገብ አስገባቸው። ፓርኩ ሲቋቋም ከመጀመሪያዎቹ የጥበቃ ሹሞች አንዱ የዌልስ ተወላጁ ክላይቭ ኒኮል ነበር፤ በዚያው አቆጣጠር ከ1967 እስከ 1969 በስሜን ቆይቶ ያየውን በመጽሐፍ ጻፈ። የዋልያንም ኑሮ ለብዙ ጊዜ መርምሮ የጻፈው የስዊስ ሊቅ በርንሃርድ ኒቨርግልት ነው። ለነዚህ ሰዎች ድካም ምስጋና ይገባል። ዳሩ ግን የስሜን ገበሬ ከነርሱ በፊት ለብዙ ዘመናት ዋልያን በማሰማሪያው፣ ጭላዳን በገብስ ማሳው ዳር ሲያይ የኖረ ነው፤ ዕውቀቱም ከአባት ወደ ልጅ በአፍ ሲተላለፍ ኖረ። በባለቤቱ ዘንድ በቃል የቀረው ነገር በእንግዳው እጅ መጽሐፍ ሆኖ መመለሱ ለተማረው የአገር ልጅ ትልቅ ምክር ነው።

ዛሬ የዋልያን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድን ዋልያዎቹ ተብሎ ይጠራል፤ ቡድኑ ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም. ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰ ጊዜ ይህ ስም በየከተማውና በየመንደሩ በእልልታ ተጠርቷል። ነገር ግን ያን ቀን ስሙን ከጠሩት መካከል እንስሳውን በዐይኑ ያየ ስንት ይገኛል? በውኑ ስሙ በልብስ ላይ ተጽፎ፣ ሥዕሉ በየግድግዳው ተሰቅሎ ሳለ፣ ራሱ ዋልያው በገደሉ ውስጥ ቢያልቅ ስሙ የምን ስም ይሆናል? ከስሜን ደጋ በአንድ ቀን መንገድ ላይ ያለው የጎንደር ተማሪ ስንኳ የአንበሳንና የዝሆንን መልክ ከሥዕል መጽሐፍ ሲያውቅ፣ የራሱን ጎረቤት ዋልያን ሳያይ ትምህርቱን ይፈጽማል።

ስሜን የአውሬ ማደሪያ እንጂ ለታሪክና ለሃይማኖት ነገር የሚፈለግ ስፍራ አይደለም የሚል ቢኖር፣ ነገሩን አላስተዋለም ይባላል። ማኅሌታዊው ቅዱስ ያሬድ በመጨረሻው ዘመኑ ወደ ስሜን ሄዶ በዚያ እንደ ተሰወረ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይናገራል። ያው ትውፊት ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት ሲሸሽ፣ አንዲት ትል ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ ስትወድቅና ስትነሣ ተመልክቶ ትዕግሥትን እንደ ተማረ፣ ኋላም ዜማውን ከአዕዋፍ አንደበት እንደ ተቀበለ ያስረዳል። እንዲህም ስለ ሆነ ፍጥረትን ቁጭ ብሎ መመልከት ለኢትዮጵያ ሊቅ ከባዕድ የመጣ ልማድ አይደለም፤ የማኅሌቱ ትምህርት መነሻ እርሱ ነው። ዳዊት የሚደግም ሁሉ በ103ኛው መዝሙር ስለ ተራራ እንስሳና ስለ ሽኮኮ የተነገረውን ያውቃል፤ ያን ቃል በልቡ የያዘ ሰው በጨነቅ ገደል ላይ ዋልያን ቢያይ የቃሉን ትርጓሜ በዐይኑ አየ ማለት ነው።

ከቤተ መንግሥትም ታሪክ ወገን ቢሆን ስሜን ታላቅ ስፍራ አለው። ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግሬን ይገዙ በነበረበት ዘመን ደረስጌ ማርያምን አሠሩ፤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ውቤን በደረስጌ ድል ከነሡ በኋላ በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እቴጌ ጣይቱም የደጃዝማች ውቤ ወንድም የራስ ብጡል ልጅ ስለ ነበሩ ዘራቸው ከዚሁ ደጋ ይመዘዛል። ከተራራውም በታች፣ በቆላው በኩል፣ የዋልድባ ገዳም ይገኛል። ስለዚህ ወደ ስሜን የሚወጣ ኢትዮጵያዊ ወደ ባዕድ ምድር አይሄድም፤ የራሱን የታሪክ መጽሐፍ በእግሩ እየሄደ ያነባል።

መንግሥት ይህን ስፍራ በጥቅምት 1962 ዓ.ም. በሕግ ብሔራዊ ፓርክ አደረገው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ የዓለምን ቅርስ መዝገብ ሲከፍት በመጀመሪያ ከተጻፉት 12 ስፍራዎች ሁለቱ የኢትዮጵያ ነበሩ፤ እነርሱም የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ተራራዎች ናቸው። ስሙ በዓለም ሁሉ የታወቀው የጎንደር ፋሲል ግቢ ስንኳ የተጻፈው ከዚህ በኋላ በ1972 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ክብሩ ከመጣ በኋላ ጥበቃው አልተከተለውም። ፓርኩ በእርስ በርሱ ጦርነት ምክንያት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ለብዙ ዓመታት ያለ ሠራተኛ ቆየ፤ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ የዋልያው ቍጥር በማነሱ፣ እርሻውና ግጦሹ በመስፋቱ፣ መንገድም በመካከሉ በመውጣቱ፣ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ከዚያ ዝርዝር የወጣው ከ20 ዓመት ድካም በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው የፓርኩ ስፋት 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ፓርኩ ሊቋቋም በታሰበበት ዘመን 150 ያህል ብቻ የነበረው ዋልያም ከ800 በላይ ደርሶ ነበር።

ዳሩ ግን ያ ደስታ አልሰነበተም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ መጥቶ የዓለምን መንገድ ዘጋ፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ፤ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተከተለ። በነዚህ ዓመታት የውጭ አገር ጎብኚ ተቋረጠ፤ የዋልያውም ቍጥር በብርቱ አሽቆለቆለ። ጎብኚው በቀረ ጊዜ የቀረው መግቢያ ዋጋ ብቻ አልነበረም፤ በቅሎ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራው፣ ጠመንጃ ይዞ የሚያጅበው ዘብ፣ ወጥ የሚሠራው፣ የማደሪያ ቤት ባለቤቱ፣ እንቁላልና ዶሮ የምትሸጠው ባልቴት ሁሉ አብረው አጡ። ትናንት ዋልያው በሕይወት በመኖሩ እንጀራ ይበላ የነበረ ሰው ዛሬ በዋልያው መኖር ምንም የማያገኝ ከሆነ፣ ከብቱን ወደ ጓሳው ቢያሰማራ፣ ለማገዶም አስታውን ቢቆርጥ የሚፈርድበት ማን ነው?

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ምክር ይህ ነው፤ በእንግዳ ብቻ የሚታይ ሀብት እንግዳው በቀረ ቀን ወላጅ እንደ ሞተበት ልጅ ይሆናል። የሩቅ አገር ሰው ቢመጣ መልካም ነው፣ ገንዘቡም ይጠቅማል፤ ነገር ግን በሩቅ አገር ጋዜጣ አንድ የክፉ ወሬ መስመር ከተጻፈ ጉዞውን ይተዋል፤ ቢተውም አይፈረድበትም። የአገሩ ሰው ግን ሰላም በተገኘ ማግስት ከሁሉ ቀድሞ ሊመለስ የሚችለው እርሱ ነው፤ መንገዱን ያውቃል፣ ቋንቋውን ያውቃል፣ ዘመድም አለው። ስለዚህ የስሜን ደጋ ዘላቂ ጎብኚ መሆን የሚገባው በመጀመሪያ የጎንደር ሰው፣ ከዚያም ቀጥሎ የመላው ኢትዮጵያ ሰው ነው።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆን አንድ ታሪክ ቅርብ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ ቃጠሎ ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን ሲበላ ብዙ ቀን ሰነበተ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም እሳት የማጥፋት ባለሙያዎች መጥተው ረዱ፤ ከነርሱ በፊት ግን ገደሉን ወጥቶ፣ ቅጠል ይዞ፣ አፈር እያለበሰ እሳቱን የታገለው የአካባቢው ሕዝብ ነበር። አደጋ በመጣ ቀን መጀመሪያ የሚደርሰው ቅርብ ያለው ነው። ቅርብ ያለውም የሚደርሰው የሚቃጠለው ነገር የራሱ መሆኑን ሲያውቅ ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን ተራራ መውጣትና አውሬ ማየት ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ ነው፤ ገበሬው በየቀኑ ተራራ ሲወጣና ሲወርድ የሚኖር ስለ ሆነ ይህ አያስፈልገውም ይሉ ይሆናል። መልሱ ሩቅ አይደለም። ወደ ላሊበላና ወደ ግሸን፣ ወደ ዋልድባም በእግሩ የሚጓዘው ሕዝብ ሥራ ፈትቶ አይደለም፤ ደክሞ የደረሰበት ስፍራ በልቡ ስለሚቀር ነው። እንዲሁም በየዓመቱ በጥር 11 ቀን ወደ ጎንደር ለጥምቀት የሚመጣው ሕዝብ ስንት ቀን ተጉዞ፣ ስንትስ ገንዘብ አውጥቶ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። በጉዞ መማር በዚህ አገር የቆየ ልማድ ነው፤ የሚቀረው ይህን ልማድ እስከ ስሜን አፋፍ ድረስ ማስረዘም ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ የካህናት ፈንታ ትልቅ ነው። በሰሜን ጎንደርና በሌላውም ደጋ ምድሩ ሁሉ ታርሶ ገላጣ በሆነበት ጊዜ ወይራና ጽድ የሚገኘው በየደብሩ ቅጽር ግቢ መሆኑን ማንም መንገደኛ ያያል። ይህም የሆነው ካህናቱ በየትውልዱ ዛፉን የሚቆርጥን ሰው ስለ ገሠጹ፣ ሕዝቡም ተግሣጹን ስለ ሰማ ነው። በቅጽሩ ውስጥ ያለውን ዛፍ የጠበቀ ቃል ከቅጽሩ ውጭ ያለውንም ሊጠብቅ ይችላል። ካህኑ በስብከቱ ስለ ዋልያና ስለ ጓሳ ቢናገር፣ ይልቁንም አስቀድሞ ሄዶ አይቶ ቢናገር፣ ቃሉ ከብዙ ማስታወቂያ ወረቀት ይልቅ ይሰማል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን የሕዝቡ ጥያቄ ነው። በስሜን ደጋ ላይ ገብስ እያረሰና በግ እያረባ የሚኖር ሕዝብ ፓርኩ ከመባሉ በፊት የነበረ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከገደሉ በታች የነበሩ መንደሮች በግድ ተነሥተዋል፤ በ2008 ዓ.ም. ገደማም 2,500 ያህል ነፍስ የነበረበት የግጭ መንደር ከደጋው ወርዶ በደባርቅ እንዲሰፍር ተደርጓል። ስሜን ከአደጋው ዝርዝር እንዲወጣ ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። እንግዲህ የዓለም ቅርስ ተብሎ የሚመሰገነው ሣር በከፊል የበቀለው የሰው ምድጃ በነበረበት ስፍራ ላይ ነው። አባቱ የተቀበረበትን ደጋ ለዋልያው ትቶ የወረደ ገበሬ፣ ስፍራውን የሚያይ ወገን ካጣ፣ ከድካሙ የሚያገኘው ጥቅምም ከሌለ፣ ምን የተሠራ ሥራ ነው ይለዋል? ይህን ዕዳ መዘንጋት አይገባም፤ ስሜንን የሚጎበኝ ኢትዮጵያዊም ይህን አውቆ ሊጎበኝ ይገባዋል።

ስለዚህ በሹመት ላይ ያሉ ሰዎች ሊያስቡበት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር የገቢው አከፋፈል ነው። ከመግቢያ፣ ከመሪ፣ ከበቅሎና ከማደሪያ የሚገኘው ገንዘብ ምን ያህል እንደ ሆነ፣ ከዚያም ለደጋው ቀበሌዎችና ከግጭ ለወረደው ሕዝብ ምን ያህል እንደ ደረሰ፣ በየዓመቱ በሕዝብ ፊት በቃል ቢነበብ ጥርጣሬው ይርቃል። በቅሎ የማከራየቱና የመምራቱ ተራ ያለ አድልዎ ቢጠበቅ፣ ዋጋውም በግልጥ ተጽፎ በደባርቅ ቢለጠፍ፣ ጎብኚውም ገበሬውም ይጠቀማሉ። ገበሬው ዋልያን እንዲጠብቅ ከተፈለገ፣ ዋልያው ከበጉ ያላነሰ ጥቅም እንደሚሰጠው በእጁ ሊያይ ይገባል።

ሁለተኛው ነገር የትምህርት ቤቶች ነው። በኬንያ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 የተማሪዎች የዱር እንስሳት ክበባት ማኅበር ተመሥርቶ ልጆች የአገራቸውን ፓርክ እየሄዱ እንዲያዩ አድርጓል። በጎንደር፣ በዳባትና በደባርቅ ያሉት ትምህርት ቤቶች ይህን ለማድረግ ከናይሮቢ ተማሪ የበለጠ ቅርብ ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ትምህርቱን ሳይፈጽም አንድ ጊዜ ስሜንን እንዲያይ ቢደነገግ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የሚቀመጠው ሹም ስለ ዋልያ የሚቀርብለትን ወረቀት ሲያነብ ገደሉ በዐይኑ ላይ ይመጣለታል። ገደሉን ያየ ሹም የሚፈርመው ፊርማ ካላየው ሹም ፊርማ ይለያል።

ሦስተኛው የጥምቀት እንግዳ ነው። ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ከተጻፈ ወዲህ የጎንደር በዓል ስሙ ይበልጥ ወጥቷል። በዓሉ የሚውለው በጥር ስለ ሆነ ወሩ በስሜን ዝናብ የሌለበት፣ ሰማዩም የጠራበት ነው። እንግዲህ ለበዓሉ የመጣው ሰው ሁለት ቀን ጨምሮ ወደ ደባርቅ እንዲወጣ መኪናውና ማደሪያው ቢሰናዳለት፣ አዲስ ጎብኚ ከሩቅ መፈለግ ሳያስፈልግ በጎንደር አደባባይ የቆመው ይበቃል።

ወጪው ይከብዳል የሚል ቢኖር ደግሞ፣ የአገሩ ሰው የሚከፍለው መግቢያ የውጭ አገር ሰው ከሚከፍለው እጅግ ያነሰ መሆኑን ያስተውል። ከጎንደር ማለዳ በመኪና የተነሣ ሰው በአንድ ቀን እስከ ሳንቃበር ደርሶ፣ ጭላዳውንና ገደሉን አይቶ ሊመለስ ይችላል። ዋልያን ለማየት የሚሻ እስከ ጨነቅ መዝለቅ ይሻለዋል። ጉልበትና ጊዜ ያለው ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭም በእመት ጎጎ አፋፍ በኩል ወደ ጨነቅ በሦስት ቀን በእግሩ ይሄዳል፤ ዕቃውን በቅሎ ይጭንለታል፣ መሪና ዘብም ከደባርቅ ይሰጠዋል። ለመንገዱ የሚሻለው ወራት ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ መስከረም መጨረሻ ላይ የሚወጣ ደግሞ ደጋው በአደይ አበባ ተሸፍኖ ያገኘዋል።

ለጉዞው ግን ሥርዐት አለው። ሌሊቱ እጅግ ብርድ ስለ ሆነ፣ ውርጭም ስለሚጥል፣ ወፍራም ጋቢና ካፖርት ሳይዙ መውጣት አይገባም። ከፍታው ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሊያመጣ ስለሚችል ቀስ ብሎ መሄድ፣ ውሃ አብዝቶ መጠጣት፣ ሕመሙ ከጠናም ሳይዘገዩ ወደ ታች መውረድ ያስፈልጋል። ለጭላዳ እንጀራ ወይም ዳቦ መወርወር ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሣር በሎውን እንስሳ ሌባ ያደርገዋል፣ ኋላም የገበሬውን ማሳ ያስደፍረዋል። ውሻ ወደ ደጋው መውሰድ ክልክል ሊሆን ይገባል፤ ቀይ ቀበሮን ከሚፈጁት ነገሮች አንዱ ከውሻ የሚተላለፈው የእብደት በሽታ ነውና። እሳት አንድዶ ሳያጠፉ መሄድ ምን እንደሚያመጣ የ2011 ዓ.ም. ቃጠሎ በቂ አስተማሪ ነው። የያዙትን ቆሻሻም ይዞ መመለስ ይገባል።

ስለ መንገዱ ጸጥታ የሚነሣው ሥጋት እውነተኛ ነው፤ ማንም ሰው ሥጋት ባለበት ጊዜ ልጁን ይዞ ይውጣ ተብሎ አይመከርም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከደባርቅ ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መነሣት የጎብኚው ፈንታ ነው፤ እውነተኛውን ነገር ሳይደብቁ መናገርም የሹሙ ፈንታ ነው። ነገር ግን ሰላም የሌለበት ጊዜ የዝግጅት ጊዜ ሊሆን ይችላል። የትምህርት ቤቱ መምህር ትምህርቱን ያሰናዳ፤ የደባርቅ መሪ የወፉንና የዕፁን ስም በአማርኛ ይጻፍ፤ የስሜን ሽማግሌ የሚያውቀውን ለልጆች ያስጽፍ። ሩፔልና ኒቨርግልት በሩቅ ቋንቋ የጻፉትን የአገሩ ልጅ በራሱ ቋንቋ የሚያነብበት መጽሐፍ የሚወጣው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው።

ዋልያው በገደሉ ላይ ቆሞ ባለቤቱን አይጠይቅም፤ ቍጥሩ ሲያንስም አቤት ብሎ ወደ ችሎት አይመጣም። አቤት የሚልለት ያየው ሰው ብቻ ነው። ፓርኩን በሕግ መከለል በ1962 ዓ.ም. ተደርጓል፤ በዓለም መዝገብ ማስጻፍም ተደርጓል፤ ገበሬውም መሬቱን ለቅቆ ፈንታውን ከፍሏል። የቀረው የጎንደር ሊቅ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ የመሥሪያ ቤቱ ሹምና የትምህርት ቤቱ ልጅ መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ወደ ደባርቅ ተነሥተው በዐይናቸው ማየት ነው። ይህንም ያደረገ ሹም በማግስቱ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲመለስ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ መንገዱና ስለ ግጭ ሕዝብ የተጻፉት ወረቀቶች በጠረጴዛው ላይ ይጠብቁታል፤ ያን ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ያየ ሰው ፍርድ ይሆናል።